የፒትስበርጉ የውል ሙግት፤ በመድን ሰጪና በሆስፒታል መካከል የቆመው ታካሚ

የጤና መድን ድርጅትና ሆስፒታል በአገልግሎት ዋጋ ተጣልተው ውላቸውን ሲያፈርሱ የሚመለከት ሰው፣ ሁለቱ ወገኖች ከመጀመሪያውም በተቃራኒ ጎራ የቆሙ ሊመስለው ይችላል። በአሜሪካ የሕክምና ታሪክ ውስጥ ግን መድኑን የወለደው ራሱ ሆስፒታሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በቴክሳስ ክፍለ ግዛት በዳላስ ከተማ የሚገኘው የቤይለር ሆስፒታል ያልተከፈለ ሒሳብ ተከማችቶበት ተቸግሮ ነበር። ኃላፊነቱን ይዘው የነበሩት ጀስቲን ፎርድ ኪምባል ቀደም ሲል የከተማይቱን ትምህርት ቤቶች ያስተዳድሩ ስለነበር የመምህራኑን ኑሮ ያውቁታል። እያንዳንዱ መምህር በወር 50 ሳንቲም ቢያዋጣ፣ በታመመ ጊዜ እስከ 21 ቀን ድረስ በሆስፒታሉ ተኝቶ እንዲታከም ሐሳብ አቀረቡ። በአሳቡ ከእድር መዋጮ ብዙም የማይለየው ይህ ዘዴ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቶ ብሉ ክሮስ የሚለውን ስም ያዘ። በ1939 ደግሞ የካሊፎርኒያ ሐኪሞች ለሐኪም ክፍያ የሚሆን ተመሳሳይ መዋጮ አቋቋሙ፤ ብሉ ሺልድ የተባለው ማኅበር መነሻው ይኸው ነው። በዚያን ዘመን ከፋዩና አካሚው የአንድ ቤት ሰዎች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ዝምድና ወደ ሰፊ ገበያ ለወጠው። በ1942 መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን በሕግ ሲገድብ፣ አሠሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ የጤና መድንን እንደ ጥቅማ ጥቅም ማቅረብ ጀመሩ። በ1954 የወጣው የግብር ሕግም አሠሪው ለመድን የሚከፍለው ገንዘብ ከሠራተኛው ላይ ግብር እንዳይቆረጥበት አጸና። በ1965 ለአረጋውያን ሜዲኬር፣ ለድኾች ደግሞ ሜዲኬይድ ተቋቋሙ። ሆስፒታሎች ያወጡትን ወጪ አስልተው የሚቀበሉበት ያ ዘመን ለሕክምናው ሙያ የዕድገት ዘመን ቢሆንም፣ ለከፋዩ ግን ወጪው ልጓም የሌለው ሆነበት። ስለሆነም በ1973 አባላቱን በተወሰኑ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ብቻ የሚያሳክም የመድን ዓይነትን የሚያበረታታ የፌዴራል ሕግ ወጣ። በ1983 ሜዲኬር ለተኝቶ ሕክምና የሚከፍለውን በበሽታ ምድብ አስቀድሞ ተመነ። የግል መድን ድርጅቶችም ከሁሉም ሆስፒታል ጋር ሳይሆን የተሻለ ዋጋ ከሚሰጣቸው ጋር ብቻ መዋዋልን ተማሩ። የኋላው ጠብ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ውሉ በአጭሩ እንዲህ ይሠራል። መድን ሰጪው አባላቱን ወደ ሆስፒታሉ ይመራል፤ ሆስፒታሉ በበኩሉ ከመደበኛ ዋጋው ይቀንሳል፤ ታካሚውንም ከተወሰነችው ድርሻው በላይ ላለመጠየቅ ይስማማል። ውሉ ሲፈርስ ግን ሆስፒታሉ ወደ ሙሉ የዋጋ ዝርዝሩ ይመለሳል። ይህ ዝርዝር የትኛውም መድን ሰጪ ከሚከፍለው እጅግ የራቀ፣ ለድርድር መነሻ እንዲሆን የተሰቀለ ዋጋ ነው። መድን ሰጪው ከዚያ ላይ ጥቂቱን ይከፍላል፤ አንዳንዴም ምንም አይከፍልም። ቀሪው ሒሳብ በታካሚው አድራሻ ይላካል። እንግዲህ ሁለቱ ተደራዳሪዎች አንዱ ሌላውን የሚያስፈራራው በራሱ ገንዘብ ሳይሆን መንገድ ላይ በሚቀረው ታካሚ ነው። ታካሚው በውሉ ላይ አልፈረመም፤ የዋጋ ዝርዝሩንም አላየም፤ ብዙውን ጊዜ መድኑን የመረጠለትም አሠሪው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሥርዓት ገና ወጣት ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2010 የታወጀ ሲሆን፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ደግሞ በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ በኋላ ተስፋፍቷል። በአብዛኛው ከፋዩም አገልግሎት ሰጪውም የመንግሥት ስለሆኑ እንደ አሜሪካው ያለ የገበያ ጦርነት አይታይም። ሆኖም በመድኑና በጤና ተቋሙ መካከል ውል መኖሩ፣ ክፍያ ሲዘገይ ወይም መድኃኒት ሲጠፋ ደግሞ አባሉ ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ለመግዛት መገደዱ ለአገሩ የጤና ባለሙያ እንግዳ ነገር አይደለም።

በአሜሪካ የዚህ ዓይነት ግጭት ቀድሞም ታይቷል። በ2000 መጸው የቦስተኑ ፓርትነርስ ከተፍትስ የጤና መድን ጋር በዋጋ ሳይስማማ ቀርቶ ነበር። አሠሪዎች ታላላቆቹን የማሳቹሴትስ ጄኔራልና የብሪገም ሆስፒታሎች ያላቀፈ መድን አንፈልግም በማለታቸው፣ መድን ሰጪው በቀናት ውስጥ እጁን ሰጠ። ነገሩ ቶሎ በመብረዱ ታካሚዎች ብዙም አልተጎዱም። በፒትስበርግ የተነሣው ሙግት ግን ስምንት ዓመት ፈጅቷል፤ የታካሚውን ዕጣ ከስር እስከ ጫፍ ያሳየውም እሱ ነው።

ፒትስበርግ የብረት ከተማ ነበረች። የብረት ፋብሪካዎቿ በ1980ዎቹ ሲዘጉ በእግራቸው የተተካው ሕክምና ነው። ለዚህም መሠረት አልጎደላትም፤ ዶክተር ጆናስ ሳልክ የፖሊዮ ክትባታቸውን ያዘጋጁት በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ውጤቱ የተበሠረው በ1955 ነው። ዛሬ በየድንገተኛ ክፍሉ የሚሠራበትን የልብና የሳንባ ማነቃቂያ ዘዴ ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት ዶክተር ፒተር ሳፋር በ1961 ወደዚያ መጡ። ዶክተር ቶማስ ስታርዝል በ1981 ከገቡ በኋላም ከተማይቱ የጉበት ንቅለ ተከላ መዲና ሆነች። በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ የተሰባሰበው ዩ.ፒ.ኤም.ሲ. የተባለው የሆስፒታሎች ድርጅት በጄፍሪ ሮሞፍ አመራር ዘመን የአካባቢውን ሆስፒታሎች አንድ በአንድ እየጠቀለለ የክፍለ ግዛቱ ትልቁ መንግሥታዊ ያልሆነ አሠሪ ለመሆን በቃ። በ2008 ስሙን የጻፈው በከተማይቱ ረጅሙ ሕንፃ፣ በቀድሞው የብረት ኩባንያ ሰማይ ጠቀስ ግንብ አናት ላይ ነው። በአንጻሩ በጥር 2010 በብረት ሠራተኞቹ መንደር በብራዶክ የነበረውን ሆስፒታል ዘግቶ፣ በ2012 የተሻለ ኑሮ ባለበት በሞንሮቪል፣ ከተፎካካሪው ሆስፒታል አጠገብ አዲስ ከፈተ። ሁለቱን ክንውኖች ጎን ለጎን ያየ ሰው የድርጅቱን አካሄድ ለመረዳት ሌላ ማስረጃ ብዙም አያስፈልገውም።

በሌላው ወገን የቆመው ሃይማርክ በ1996 የምዕራብ ፔንስልቬንያ ብሉ ክሮስና የፔንስልቬንያ ብሉ ሺልድ ተዋሕደው የተፈጠረ መድን ሰጪ ሲሆን፣ በአካባቢው ወደር ያልነበረው ነው። ዩ.ፒ.ኤም.ሲ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የራሱን የጤና መድን በማቋቋም ወደ ሃይማርክ ሜዳ ገባ። በከተማይቱ የነበረው ተቀናቃኝ የሆስፒታል ድርጅት ደግሞ በ1998 በታላቅ ዕዳ ከሰረ፤ ከፍርስራሹም ዌስት ፔን አሌጌኒ የተባለው ማኅበር በሃይማርክ ብድር ጭምር ተቋቋመ። ሃይማርክና ዩ.ፒ.ኤም.ሲ. በ2002 የአሥር ዓመት ውል ተፈራረሙ። በ2009 ዌስት ፔን ሁለቱ ታላላቆች ተመሳጥረው ሊያጠፉኝ ነው ሲል ከሰሳቸው፤ የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2010 መጨረሻ ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ። ወዲያው በሚቀጥለው ዓመት ተመሳጠሩ የተባሉት ሁለቱ በጠላትነት መፈላለጋቸው የዚህ ታሪክ አንዱ አስገራሚ ገጽ ነው።

ጁን 28 ቀን 2011 ሃይማርክ እየተንገዳገደ የነበረውን ዌስት ፔን አሌጌኒን ሊይዝ መሆኑንና 475 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያፈስበት አስታወቀ። ሆስፒታሉ መድን ሰጪ እንደሆነ ሁሉ፣ መድን ሰጪውም ሆስፒታል ሊሆን ነው። ዩ.ፒ.ኤም.ሲ. መልሱን አላዘገየም፤ የአሥር ዓመቱ ውል በጁን 2012 ሲያበቃ አላድስም አለ። ተፎካካሪ ሆስፒታል የያዘ መድን ሰጪ ታካሚዎችን ወደ ራሱ ቤት መሳቡ የማይቀር ነውና እንደ ገለልተኛ ከፋይ ሊታይ አይችልም የሚል ነበር ክርክሩ። ሃይማርክ በበኩሉ ዌስት ፔን ከወደቀ ከተማይቱ በአንድ ሆስፒታል እጅ ትወድቃለች፤ ያን ጊዜ ዋጋውን የሚመልሰው የለም ሲል ተከራከረ። በእውነቱ ሁለቱም ክርክሮች ውኃ የሚቋጥሩ ናቸው። ጉድለታቸው ሁለቱም ተከራካሪዎች ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች መሆናቸውን መርሳታቸው ነው። በጋዜጣ፣ በቴሌቪዥንና በየመንገዱ ሰሌዳ ላይ ለማስታወቂያ ያፈሰሱት ገንዘብ በመጨረሻ ከመዋጮና ከሕክምና ሒሳብ የተሰበሰበ ነበር።

በሜይ 2012 በክፍለ ግዛቱ ገዥ በቶም ኮርቤት በኩል በተደረገ ሽምግልና ውሉ እስከ 2014 መጨረሻ እንዲራዘም ተስማሙ። በአፕሪል 2013 የክፍለ ግዛቱ የመድን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሃይማርክ ዌስት ፔንን እንዲይዝ ፈቀደ፤ የአሌጌኒ የጤና አውታር የተመሠረተውም ያኔ ነው። ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ መንግሥት ሁለቱን ማዋዋል እንደማይችል ስለተረዳ፣ ቢያንስ መለያየታቸው ሥርዓት እንዲኖረው ወሰነ። ጁን 27 ቀን 2014 እያንዳንዳቸው ከክፍለ ግዛቱ መንግሥት ጋር የተፈራረሙትና ፍርድ ቤት ያጸደቀው የስምምነት ውሳኔ ለአምስት ዓመት፣ ማለትም እስከ ጁን 30 ቀን 2019 የሚጸና ሆነ።

ይህ ሰነድ ለጤና ባለሙያ በጥሞና ሊነበብ የሚገባው ነው። በውሳኔው መሠረት የሃይማርክ አባላት የድንገተኛ ሕክምና አያጡም። በዌስተርን የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታልና ሌላ አማራጭ በሌለባቸው ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች አገልግሎቱ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል። አረጋውያንን የመሰሉ ለችግር የተጋለጡ ወገኖችም ጥበቃ ተደርጎላቸዋል። የካንሰር ታካሚን በተመለከተ፣ አካሚ ሐኪሙ በዩ.ፒ.ኤም.ሲ. የካንሰር ሐኪሞች ሊታከም ይገባዋል ካለና ታካሚው ከተስማማ እንደ ውል አባል ይስተናገዳል፤ ከካንሰሩ ወይም ከሕክምናው የመነጩ ሌሎች ሕመሞችም እንዲሁ። ሕክምና ጀምሮ መሀል ላይ የደረሰ ታካሚ ደግሞ ጅምሩን እንዲጨርስ ተፈቀደለት፤ መሀል ላይ መሆኑንም በመጀመሪያ ደረጃ የሚወስነው ከታካሚው ጋር ተመካክሮ አካሚ ሐኪሙ ነው ተባለ።

የሰነዱ በጎነትም ችግርም ያለው በዚህች የመጨረሻ ሐረግ ላይ ነው። ጅምር ሕክምና ማለት ምን ማለት ነው? ስድስት ዙር ኬሞቴራፒ ከታዘዘላት በኋላ ሦስተኛው ላይ የደረሰች የጡት ካንሰር ታማሚ ነገሯ ግልጽ ነው። ሕክምናዋን ጨርሳ በየስድስት ወሩ ለክትትል የምትመጣውስ? ለ15 ዓመት አንድ ሐኪም ሲከታተለው የቆየ የሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚ ሕክምናው መቼ ተጀምሮ መቼ ያበቃል? የልብ ድካም፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ጅምር እንጂ ፍጻሜ የላቸውም። ሕግ አውጪው የሚያስበው እንደ ስብራትና እንደ ወሊድ መነሻና መድረሻ ያለውን ሕመም ነው፤ የዛሬው የውስጥ ደዌ ክፍል ግን የሞላው በማያልቁ በሽታዎች ነው። በዚህ ላይ ሐኪሙ ሳይፈልገው የውል ተርጓሚ ሆነ። በታካሚው ካርድ ላይ የሚጽፋት አንዲት መስመር ታካሚው በትንሽ ድርሻ እንዲታከም ወይም ሙሉ ዋጋ እንዲጠየቅ ትወስናለች፤ ቀጣሪው ሆስፒታል ደግሞ የክርክሩ አንድ ወገን ነው። ስለ ሐኪምና ታካሚ መተማመን የሚያስተምሩት የሙያ ሥነ ምግባር መጻሕፍት ይህን ዓይነቱን ፈተና ብዙም አላሰቡትም።

በካንሰሩ በኩል ሌላም ጠብ ነበር። አንድ የሐኪም ክሊኒክ በሆስፒታል ሲጠቀለልና የሆስፒታሉ ክፍል ተብሎ ሲመዘገብ፣ ያው ነርስ በዚያው ወንበር ላይ የምትሰጠው ያው ኬሞቴራፒ በከፍተኛው የሆስፒታል ዋጋ ይጠየቅበታል። ሃይማርክ በ2014 ይህን አልከፍልም ብሎ ክፍያውን ቀነሰ፤ ነገሩም ወደ ግልግል ዳኝነት ሄደ። አሠራሩ በፒትስበርግ ብቻ የተወሰነ ሳይሆን በመላው አሜሪካ የተለመደ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህም የብዙ ውሎች መፍረሻ ሆኗል።

የስምምነቱ ዓመታትም ሰላም አልነበራቸውም። ዩ.ፒ.ኤም.ሲ. በ2015 ከሃይማርክ ጋር የነበረውን የአረጋውያን የሜዲኬር አድቫንቴጅ ውል ለማቋረጥ ተነሣ። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2015 ውሉ በስምምነቱ ዘመን ሁሉ መጽናት አለበት ሲል ፈረደ። በዚያን ጊዜ አረጋዊው መድኑን የሚመርጠው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ባለው ጊዜ ነበር። በዲሴምበር የመረጠው መድን በማርች ከሆስፒታሉ ጋር ቢጣላ እንደ ልቡ መለወጥ አይችልም ነበር። ስለዚህ የሁለት ድርጅቶች ክርክር በፍርድ ቤት ሲንከባለል፣ የ80 ዓመት ሰው ከልብ ሐኪሙና ከዓይን ሐኪሙ ማንኛቸው ዝርዝሩ ውስጥ እንደሚቀሩ በየዓመቱ መገመት ነበረበት።

የ2019 ጁን ሲቃረብ ዩ.ፒ.ኤም.ሲ. አዲስ አሠራር አስታወቀ፤ ውል የሌላቸው የሃይማርክ አባላት ድንገተኛ ላልሆነ ሕክምና የሚገመተውን ሙሉ ዋጋ አስቀድመው መክፈል አለባቸው የሚል። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሆስፒታል ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው የመክፈል አቅሙን ሳይጠይቅ መርምሮ እንዲያረጋጋ ያስገድዳል፤ ከተረጋጋ በኋላ ላለው ሕክምና ግን ግዴታ አይጥልም። ስለሆነም ሁለት ዓይነት ታካሚ ሊፈጠር ነበር፤ ሊሞት ስለተቃረበ የሚገባና፣ ገና ስላልተቃረበ ደጅ የሚቀር። የካንሰር ሕክምና በሚሊሜትርና በሳምንት የሚለካ መሆኑን ለሚያውቅ ባለሙያ ይህ አከፋፈል ትርጉም የለውም። መድናቸውን መለወጥ የሚችሉት ለወጡ፤ ሐኪም መለወጥ የሚችሉት ሐኪም ለወጡ፤ አሠሪያቸው መድኑን የመረጠላቸው ግን ይጠብቁ ነበር።

በፌብሯሪ 2019 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጆሽ ሻፒሮ (በኋላ የክፍለ ግዛቱ ገዥ የሆኑት) ስምምነቱ ተሻሽሎ እንዲራዘም አቤቱታ አቀረቡ። የክርክራቸው ምሰሶ የዋጋ ጉዳይ አልነበረም። ዩ.ፒ.ኤም.ሲ. ግብር የማይከፍልና በሕዝብ ስጦታ የበለጸገ የበጎ አድራጎት ድርጅት እስከሆነ ድረስ የመድኑን ዓይነት አይቶ ታካሚ መመለስ አይችልም የሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 28 በአራት ለሦስት ድምፅ ጉዳዩ በሥር ፍርድ ቤት እንደገና እንዲታይ መለሰው። ከዚያ በኋላ ጁን 24፣ ስምምነቱ ሊያበቃ ስድስት ቀን ሲቀረው ሁለቱ ድርጅቶች እስከ አሥር ዓመት የሚዘልቅ ውል መፈራረማቸውን አስታወቁ። ስምንት ዓመት አይቻልም ሲባል የኖረው ነገር በጥቂት ሳምንታት ተቻለ። የዐቃቤ ሕጉ ክስ ያስከተለው ፍርሃት ነው ወይስ የገበያው ስሌት መለወጥ? ምናልባት ሁለቱም ይሆናል። በእነዚያ ዓመታት ሃይማርክ የራሱን ሆስፒታሎች ማቋቋም ችሏል፤ ዩ.ፒ.ኤም.ሲ.ም የራሱን መድን አስፋፍቷል፤ ሁለቱም የፈለጉትን ካገኙ በኋላ ጠቡ ዋጋው እየቀነሰ መሄዱ አይቀርም። በመሀሉ ሐኪማቸውን የለወጡ ታካሚዎች ግን ወደ ቀድሞው ሐኪም ለመመለስ እንደገና ወረፋ ያዙ እንጂ ማንም ያካሳቸው የለም።

የፌዴራሉ መንግሥት ለዚህ ዓይነቱ ችግር ሕግ ያወጣው በዲሴምበር 2020 ሲሆን፣ ሕጉ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ተግባራዊ ሆነ። ከውል ውጭ በሆነ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ያገኘ ሰው በውል ከታቀፈ ሆስፒታል ከሚጠየቀው ድርሻ በላይ አይጠየቅም፤ በዋጋው የሚሟገቱት መድን ሰጪውና ሆስፒታሉ በገላጋይ ፊት ነው። ውል ሲፈርስ ደግሞ ከባድና ውስብስብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ተኝቶ የሚታከም፣ አስፈላጊ ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት ወይም በማይድን በሽታ የመጨረሻ ጊዜ ላይ ያለ ታካሚ እስከ 90 ቀን በቀድሞው ውል ይታከማል።

ዘጠና ቀን ለተቀጠረ ቀዶ ሕክምና ይበቃል። ለነፍሰ ጡሯ ግን ውሉ በፈረሰ ጊዜ ስንተኛ ወሯ ላይ እንደነበረች ይወስናል። በኦገስት 2025 ጆንስ ሆፕኪንስና ዩናይትድ ኸልዝኬር ሳይስማሙ ውላቸው ሲያበቃ ይህ ስሌት እንደገና መጣ። የሆፕኪንስ ሆስፒታሎች በባልቲሞር ብቻ ሳይሆን ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቤተስዳና በዋና ከተማይቱም ጭምር ይገኛሉ። እዚያ ያለ ታካሚ የመድን ካርዱን ይዞ ሲደውል ከመቀበያው ጠረጴዛ የሚሰማው የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንዳመመው ሳይሆን ካርዱ የማን እንደሆነ ነበር።